ጭልፊቱ በፈቃዱ ወረደ

ዳኛዋ ሁለቴ ነው የጠየቁት። መጀመሪያ ዝግ ብለው፣ ቀጥሎ ደግሞ ጸሐፊዋ በደንብ እንድትሰማ ጎላ አድርገው።

«ደመወዝዎ የቀነሰው መሥሪያ ቤቱ ዝቅ አድርጎዎት ነው ወይስ እርስዎ ራስዎ ጠይቀው?»

«ራሴ ጠይቄ» አለ።

«ያስገደደዎት ሰው አለ? ወይም ሌላ ምክንያት?»

«የለም። በፈቃዴ ነው።»

ይህን ሲል ዓይኑ እጁ ላይ ነበር። የቀድሞ ባሌ ድሮ ሲዋሽ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የሚያየው፤ ውሎው ሰማይ ላይ ስለሆነ ዓይኑም እዚያው ለምዶ። እጁን ማየት የጀመረው በቅርቡ ነው። አፍሮ ነው አልኩ በልቤ። ይፈር። እንኳን ማፈር፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ዞር ብዬ የማይ አልመሰለኝም።

ሥራው ክሬን መንዳት ነበር። ሳይት ላይ ጭልፊት ነው የሚሉት፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው። የተዋወቅነውም እዚያው ነው፤ እሱ ላይ፣ እኔ ታች። ምልክት ሰጪው ነበርኩ። ክሬን የሚነዳ ሰው ጭነቱ የሚያርፍበትን ቦታ ሁልጊዜ አያይም፤ ሕንፃው ይጋርደዋል። ስለዚህ መሬት ላይ አንድ ሰው ዓይን ይሆንለታል፤ ያ ሰው በእጁ ይናገራል። ሬዲዮም ነበረን፣ ግን ባትሪው ከእኛ ቀድሞ ይደክም ነበር። ጣትን ወደ ላይ ቀስሮ ማዞር «አንሳ» ነው፤ ወደ ታች ማዞር «አውርድ»። ሁለት እጅን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ መዳፍን ወደ መሬት አድርጎ ማወዛወዝ «ቁም» ነው።

ኦፕሬተር የሚታዘዘው የራሱን ምልክት ሰጪ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ታች ቢጨፍር አይሰማውም። «ቁም»ን ግን ከማንም ይቀበላል። ከአናጢም፣ ከጥበቃም፣ ከመንገደኛም። ለምን ብሎ አይጠይቅም። መጀመሪያ ያቆማል፣ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ሳዘው፣ ሲታዘዘኝ ኖረን ተጋባን። መሬት ላይ ግን መደማመጥ አልሆነልንም። እኔ «አውርድ» ስል እሱ ያነሳል፣ እሱ «ቆይ» ሲል እኔ ሄጃለሁ። ስንፋታ ድንቢጥ ገና ጫማዋን ማሰር አትችልም ነበር። ድንቢጥ ልጃችን ናት። ስሟን ያወጣላት እሱ ነው፤ ጭልፊት ድንቢጥ ሲወልድ የት ታይቶ ያውቃል ብዬ ስቄበት ነበር። እኔ ከሳይት ወጥቼ መጋረጃ ቤት ገባሁ። እሱ ባቆመው ሕንፃ ላይ እኔ መጋረጃ እሰቅላለሁ፤ እንጀራችን እንኳን አልተፋታም።

የድንቢጥ ቀለብ የተወሰነው በክሬን ደመወዙ ነው። በየወሩ ሳያጓድል ይሰጥ ነበር፣ ይህን አልክድም። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንቢጥን ይወስዳታል፤ አመሻሹ ላይ ታጥባ፣ ጠግባ፣ የማትፈልገውን አሻንጉሊት ታቅፋ ትመጣለች። እንዲህ ሆነን ሳለ ነው አንድ ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ፣

«ከክሬኑ ወርጃለሁ» ያለኝ። «ንብረት ክፍል ገብቻለሁ። ሰንሰለትና ገመድ እየሰጠሁ እቀበላለሁ። ደመወዙ የድሮው እኩሌታ ቢሆን ነው። ቀለቡ እንዲቀነስልኝ አመልክቻለሁ፤ ከሰው እንዳትሰሚ ብዬ ነው።»

«ማን አወረደህ?»

«ራሴ።»

«ሰከርክ? ተጣላህ?»

«አይ። በቃኝ።»

ባሏን የጎዳች መስሏት ራሷን ስለጎዳችው ሴትዮ ተረት አለ፤ መጨረሻውን ልጅ ባለበት አይነግሩትም። እኔ የማውቀው ሚስት ስታደርገው ነው። ባል ራሱ ሲያደርገው ያኔ ገና አየሁ። ለእኔ ላለመክፈል የገዛ ደመወዙን ቆረጠ አልኩ። ጠበቃ አላቆምኩም፤ አላስፈለገኝም።

ዳኛዋም ጊዜ አልፈጁም። «ሰው በገዛ ፈቃዱ ከሥራው ዝቅ ሊል ይችላል፤ መብቱ ነው» አሉ። «የልጁን ቀለብ ግን አብሮት ዝቅ ሊያደርግ አይችልም። ፍርድ ቤቱ የሚያየው ዛሬ የሚያገኙትን ብቻ አይደለም፤ ማግኘት የሚችሉትንም ነው። ልጅቷ ከክሬን አልወረደችም። ቀለቡ በነበረበት ይቀጥላል።»

«እሺ» አለ። ይግባኝ አላለም፣ አልተቆጣም። እሺ ብቻ።

ደረጃው ላይ ስንወርድ ከኋላዬ ሆኖ፣ «በዚህ ደመወዝ ቀለቡን ከከፈልኩ የቤት ኪራይ አይተርፈኝም» አለ። «ቤት ከሌለኝ ደግሞ ቅዳሜ የት አደርጋታለሁ? ፎርማኑን አናግሬ ሰኞ ተመልሼ እወጣለሁ። ቦታዬ አልተያዘም።»

«ደግ» አልኩት።

ሳሸንፍ ደስታ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ቤት ገብቼ ልብስ አጠብኩ፣ አሰጣሁ፣ የተረፈ ምግብ ቆሜ በላሁ። ጎረቤት «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትለኝ የሌላ ሰው ደብዳቤ በስህተት የደረሰኝ ያህል ነበር። ከፍቺው ወዲህ እንዲህ ነኝ። ጥርስ ሊነቅሉ ሲያደነዝዙት ጉንጭ የራስ መሆኑ ይጠፋ የለ? እንደዚያ ነው።

ቅዳሜ እንደ ልማዱ መጣ። በመስኮት አየኋቸው። መንገዱ ዳር ሲደርሱ አቀርቅሮ የልጅቷን እጅ ያያል፤ ተሻግረው እስኪያበቁ ቀና አይልም። መስኮቱ ላይ እንደምቆም ያውቃል፤ እኔን ላለማየት ነው አልኩ። እንዲህ ያለ ኩራት ያለው ሰው የገዛ ደመወዙን ቢቆርጥ አይገርምም አልኩና መጋረጃውን መለስኩት።

ሰኞ ጠዋት ድንቢጥን ለትምህርት ቤት ጸጉሯን እያበጠርኩ ነበር።

«እማዬ፣ አባዬን እሳት አያቃጥለውም፤ ታውቂያለሽ?»

«ጀግና ነዋ!»

«እውነቴን ነው። ድስቱን ከእሳት ላይ ያለ ጨርቅ ያነሳዋል። ቅዳሜ በእጁ አንስቶ ይዞት ሲመጣ እኔ ጮህኩኝ። እሱ ግን ‹ምነው?› አለኝ። ከዚያ እጁን አየውና አስቀመጠው።»

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ቆዳው ተላጠ። ግን ምንም አላመመውም። የሸሚዙን ቁልፍም እኔ ነኝ የምቆልፍለት፤ እሱን ያመልጡታል። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎኛል።» ዞር ብላ አየችኝ። «ነገርኩሽ እንዴ?»

«አልነገርሽኝም» አልኳት።

አልደነገጥኩም። መደንገጥ ነበረብኝ፣ ግን ወደ ልቤ የመጣው ድንጋጤ ሳይሆን የክሬኑ ሥራ ነው። ክሬኑን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት አጫጭር እጀታዎች ናቸው፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ። ዓይን ጭነቱ ላይ ነው፤ እጀታው ምን ያህል እንደተገፋ የሚያውቀው እጅ ራሱ ነው። እጁ የማይሰማው ሰው እጁን ማየት አለበት። እጁን ካየ ጭነቱን አያይም። ከጭነቱ ስር ደግሞ ሰው አለ። የወረደው ለዚህ ነው። ሳያስወርዱት፣ ማንም ሳያውቅበት፣ አንድ ሰው ላይ ሳይጥል በፊት። እኔ ደግሞ ዳኛ ፊት ቆሜ መልሼ አወጣሁት።

ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። ኦፕሬተሮች ሲወጡ ስልካቸውን ዘግተው ታች ሣጥን ውስጥ ትተው ነው። ድንቢጥን ትምህርት ቤት አድርሼ በቀጥታ ሳይቱ ሄድኩ። ዙሪያው በቆርቆሮ ታጥሯል፤ በር ላይ የማያውቀኝ ጥበቃ ተቀምጧል።

«ሄልሜት አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ከዚህ ይልቅ ገነት መግባት ይቀልሻል።»

«ፎርማኑን ጥራልኝ።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ክሬኑን አስቁሙ። ሰውዬው ታሟል።»

ቀና ብሎ ክሬኑን አየ፣ ከዚያ እኔን። «እየሠራ አይደለም እንዴ? ለመሆኑ አንቺ ምኑ ነሽ?»

ምኑ ነኝ ልበለው? የረታሁት ነኝ ልበል? ትቼው ዞርኩ።

ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሕንፃ አውቀዋለሁ። ላዩ ላይ የጥርስ ሐኪም ቤት አለ፤ መጋረጃውን የሰፋሁትም የሰቀልኩትም እኔ ነኝ። ሊፍቱ እንደ ወትሮው ተበላሽቷል። ደረጃውን ወጥቼ ስገባ እንግዳ ተቀባይዋ አወቀችኝና፣

«ውይ! መጋረጃው ምን ሆነ?» አለች።

«ምንም አልሆነም። ላየው ነው።»

ጉንጫቸው ባበጠ ሰዎች መካከል አልፌ፣ የገዛ መጋረጃዬን ገልጬ በረንዳው ላይ ወጣሁ። የክሬኑ ካቢን ከፊት ለፊቴ ነበር፣ ትንሽ ከፍ ብሎ። ቀይ ሹራቡን ለብሷል። አንድ እስር የፌሮ ብረት አንጠልጥሎ ወለል ላይ ወዳሉት ሰዎች እያወረደ ነው።

አወራረዱን አውቀዋለሁ። ጭልፊት ሲያወርድ እንቁላል ቢሆን አይሰበርም ይባልለት ነበር። ያን ቀን ግን ጭነቱ ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ድንገት ይወርዳል፣ ይቆማል። እሱ ጭነቱን ያያል፣ እጁን ያያል፣ ጭነቱን ያያል። ታች ያለው ምልክት ሰጪ «ቀስ፣ ቀስ» ይላል። ፌሮው ዥዋዥዌ መጫወት ጀምሯል፤ ሠራተኞቹ ግማሾቹ ጀርባቸውን ሰጥተውታል።

ሁለት እጄን ዘረጋሁ። መዳፌን ወደ መሬት አድርጌ አወዛወዝኩ።

ወዲያው አላየኝም። ደጋግሜ አወዛወዝኩ። ከዚያ ፊቱ ወደ እኔ ዞረ፤ ማን እንደሆንኩም እንዳወቀ ገባኝ። እዚህም ድረስ ተከትላኝ መጣች ሊል ይችል ነበር። ያስቀየመው ሰው ነው ያስቆመው፣ ለዚያውም ከጥርስ ሐኪም በረንዳ። ጭነቱ ግን ቆመ። የክሬኑ ክንድም ቆመ። ታች ያሉት ሁሉ ቀና አሉ።

እጄን አላጠፍኩም። ካጠፍኩ መልሶ የሚያንቀሳቅሰው መሰለኝ። ምልክት ሰጪው በሬዲዮ ሲጮህ፣ ፎርማኑ ከስብሰባው እየሮጠ ሲወጣ፣ ሌላ ኦፕሬተር መሰላሉን ሲወጣና ፌሮውን በሰላም ሲያሳርፍ ቆሜ ነበር። ከዚያ እሱ ወረደ። እያንዳንዱን መወጣጫ በዓይኑ እያየ፣ እጁን ብረቱ ላይ አስቀምጦ መያዙን እያረጋገጠ። አንድ ጉንጩን የያዘ ሽማግሌ በመጋረጃው ብቅ ብሎ፣

«ልጄ፣ ስፖርት ነው?» አለኝ።

«አዎ አባቴ» አልኩት።

ስወርድ በሩ አጠገብ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ጥበቃው አሁን ወንበሩን ሊሰጠኝ ይጣደፋል። እምቢ ብዬ አጠገቡ ብሎኬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«ነገረችሽ?» አለኝ።

«አልነገረችኝም።»

«ጎበዝ ልጅ ናት።»

መዳፉን አየሁት። የተላጠው ቆዳ ጠቁሯል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መጀመሪያ ጣቶቼ ነበሩ። ከዚያ ወደ መዳፌ መጣ። ሐኪሙ ከአንገቴ ነው፣ ነርቭ ተጭኖ ነው ይላል። ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።»

«ለምን ለዳኛዋ አልተናገርክም? አንዲት ቃል ብትተነፍስ እኮ ይቀንሱልህ ነበር።»

«ብናገር አንቺ ትሰሚያለሻ።»

«ብሰማስ?»

እጁን እያየ፣ «እጁ የማይሰማ ሰው ልጄን ይዞ መንገድ ያሻግር ትይ ነበር?» አለኝ። «ቅዳሜዬን ትተዪልኝ ነበር?»

አዎ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሰውየው አሁን ከሰማይ በመሰላል ወርዶ፣ እኔ ውሸት ልነግረው?

«አልተውልህም ነበር» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ቂም አልነበረበትም፤ የአየር ሁኔታ የሚናገር ነው የሚመስለው። «ስለዚህ ዝም አልኩ። ገንዘቡን ብረታ ጥሩ፣ ካልረታሁ ግን የሚቀረኝ ወደ ሰማይ መመለስ ነው። ቀስ ብዬ እነዳለሁ ብዬ ነበር። ቀስ ማለቱን ሁልጊዜም እችልበታለሁ።»

ፎርማኑ መጥቶ ከእንግዲህ ክሬን አጠገብ እንዳይደርስ ነገረው። ንብረት ክፍሉንም እናያለን አለው። እሱ እሺ አለ። እኔ እናያለን የሚለውን ቃል አልወደድኩትም።

መጋረጃ ቤት ገብቼ ሁሉንም ለባለቤቷ ለእትዬ ነገርኳት። ስፌቷን አቁማ ሰማችኝና፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ!» አለች። «አሁን ያ ቀለብ በግማሽ ሊቀነስ አይደል? ምን ልትበይ ነው?»

«የቆጡን ግን አውርጄዋለሁ እትዬ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት የአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃ ዳር ዳሩን እኔ እንድቀምቅመው ሰጠችኝ። በቁራጭ ይከፈልበታል።

ዳኛዋ ፊት ስንመለስ ሐኪሙ የጻፈውን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህን ያኔ ለምን አልተናገሩም?» አሉት። እሱ ጣሪያውን አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮውን ሰውዬ አየሁ፤ ሊዋሽ ነበር፣ ዳኛዋ ግን አላስጨነቁትም። ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀለቡ የልጅቷ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም። እርስዎ ስለተስማሙ ብቻ አልቀንሰውም፤ የምቀንሰው አባትየው ከክሬኑ መውረዳቸው ምርጫ እንዳልነበረ ስላመንኩ ነው። አሁን ንብረት ክፍል በሚያገኙት ልክ ይሆናል። ሌላው ጉዳይ የቅዳሜው ነው። የአባትየው የጤና ሁኔታ ይህ ሆኖ ሳለ ልጅቷን ለብቻቸው ሆነው እንዲይዙ እርስዎ ይስማማሉ?»

ገንዘቡን ሲቀንሱ ምንም አልተሰማኝም። ይህን ሲጠይቁ ግን ፈራሁ፤ ያቺን መንገድ፣ መኪናውን፣ ያንን የማይሰማ እጅ። እሱ አላየኝም። አቀርቅሮ የተዘረጉ መዳፎቹን ያያል።

«እስማማለሁ» አልኩ።

«ያስገደደዎት ሰው አለ?»

«የለም። በፈቃዴ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ሸሚዟን እያለበስኩ ድንቢጥን፣ «አባትሽ እጁ ቢይዝም መያዙን አያውቅም» አልኳት። «አንቺ ነሽ የምታውቂው። ጥብቅ አድርገሽ ያዢው።» ልክ እንደ ትልቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች። ቦርሳዋን ይዤ እስከ መንገዱ ዳር አብሬያቸው ወረድኩ።

መኪናው ብዙ ነበር። እሱ እንደ ወትሮው አቀረቀረና የተያያዘውን እጃቸውን ማየት ጀመረ።

«ይዘኸኛል አባዬ» አለችው። «አንተ መኪናውን እይ።»

ቀና አለ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ፣ ተሻገሩ።